ውሃ የሚያዝዘው ጉዞ፦ ወደ አማዞን የወንዝ ደን እንዴት ይታቀዳል?

በብራዚል የአማዞናስ ግዛት፣ የሶሊሞይስና የዣፑራ ወንዞች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ማሚራዋ የተባለ ጥብቅ ደን አለ። ስፋቱ 1,124,000 ሄክታር ነው። በዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ ከከተማ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። መንደሮቹ የተቀመጡት በወንዝና በሐይቅ ዳር ነው፤ ገበያ የሚወጣውም፣ ታማሚ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰውም በጀልባ ነው። ውሃው በየዓመቱ ሲሞላ ደኑ እንዳለ ይጥለቀለቃል፤ ዛፎቹ ግማሽ አካላቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ወራት ይቆማሉ። ወደዚህ አካባቢ የሚታቀድ ጉዞ ከሌላው የሚለየው በዚሁ ነው፤ መንገዱን የሚከፍተውም የሚዘጋውም፣ ቀኑን የሚቆርጠውም ውሃው ነው። ቪዛው፣ ክትባቱ፣ ጓዙና መሪው ከዚያ በኋላ ይከተላሉ።

ስለዚህ የዝግጅቱ መጀመሪያ ወንዙን ማወቅ ነው። አማዞን 6,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ የሚያፈሰው ውሃ በአማካይ በሰከንድ 200,000 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ይህም የዓለም ወንዞች በሙሉ ወደ ባሕር ከሚያስገቡት ውሃ አንድ አምስተኛውን ያህላል። ብራዚላውያን ከፔሩና ከኮሎምቢያ ድንበር እስከ ማናውስ ከተማ ያለውን የወንዙን ክፍል ሶሊሞይስ ብለው ይጠሩታል። ሶሊሞይስ ከአንዲስ ተራሮች አፈር ጠርጎ ስለሚመጣ ቀለሙ ወተት እንደገባበት ሻይ ነው። ማናውስ አጠገብ የሚቀላቀለው ሪዮ ኔግሮ ግን ከበሰበሰ ቅጠልና ሥር በወጣ አሲድ ጠቁሮ እንደ ቡና ይታያል። ሁለቱ በሙቀት፣ በፍጥነትና በክብደት ስለሚለያዩ ከተገናኙ በኋላም ለ6 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ይፈስሳሉ።

ይህ የቀለም ልዩነት ለተጓዥ ከመልክ በላይ ትርጉም አለው። ጥቁሩ ውሃ አሲድ የበዛበትና ምግብ ያነሰው በመሆኑ ትንኝ በብዛት አይራባበትም። ስለዚህ በሪዮ ኔግሮ ዳርቻ የሚያድር ሰው ሌሊቱን ቀለል ብሎት ያሳልፋል። ነገር ግን ውሃው ድሃ ሲሆን ዓሣውም፣ ዓሣ በሊታው ወፍና አውሬውም ይሳሳል። በሶሊሞይስ በኩል ያለው ደን የአንዲስን ለም ደለል በየዓመቱ ስለሚቀበል ዓሣው፣ ወፉና አዞው ይበዛል፤ ትንኙም አብሮ ይበዛል። በብራዚል እንዲህ ያለው በደለላማ ውሃ የሚጥለቀለቅ ደን ቫርዜያ፣ በጥቁር ውሃ የሚጥለቀለቀው ኢጋፖ፣ ጎርፍ የማይደርስበት ከፍታ ደግሞ ቴራ ፊርሜ ይባላል። ማሚራዋ ሁለመናው ቫርዜያ ነው። የትኛውን ደን ለማየት እንደሚፈለግ ሳይለይ የሚያዝ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ያስቆጫል።

ቀጥሎ የሚመጣው የውሃው ዘመን አቆጣጠር ነው። በማሚራዋ በዓመቱ ዝቅተኛና ከፍተኛ የውሃ መጠን መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ከመሬት እስከ ጣሪያው ማለት ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ወንዝ የሚሞላው ሰማዩ ሲዘንብ ነው፤ ሲያባራም ቶሎ ይጎድላል። የአማዞን ጠባይ ከዚህ ይለያል። ብራዚል ከኮሎምቢያና ከፔሩ በምትዋሰንበት በታባቲንጋ ወንዙ ከባሕር ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ቢርቅም ከባሕር ወለል ያለው ከፍታ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ቁልቁለቱ ከዚህ በታች እጅግ ትንሽ ስለሆነ ከአንዲስና ከሰፊው ተፋሰስ የተሰበሰበው ዝናብ ቀስ እያለ፣ ወራት እየወሰደ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት የሙላቱ ጫፍ የሚደርሰው የአካባቢው ዝናብ መቀነስ ከጀመረ በኋላ፣ በግንቦትና በሰኔ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ውሃው ይሸሻል፤ በመስከረምና በጥቅምት ወለሉ ላይ ይደርሳል፤ ከኅዳር ወዲህ እንደገና መውጣት ይጀምራል። የዝናቡን ወራት ብቻ አይቶ ቀን የቆረጠ ሰው ሙላቱን ሊስተው ይችላል።

ሁለቱ ወቅቶች ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሙላት ጊዜ ጠባብ ታንኳ በደኑ ውስጥ፣ በዛፎቹ ቅርንጫፍ መካከል ይቀዘፋል፤ በሌላ ጊዜ ከሥር አንጋጦ የሚታየው የዛፍ አናት ከዓይን ትይዩ ይሆናል። ፊቱ ጠጉር አልባና ደም የመሰለ፣ ገላው ነጣ ያለው የዋካሪ ዝንጀሮ በቅርብ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ቦቶ የሚባለው ሐምራዊ የወንዝ ዶልፊንም ዓሣ ፍለጋ በዛፍ ግንዶች መካከል ይዋኛል። ጃጓር የተባለው ትልቅ የነብር ዘመድ ደረቅ መሬት ሲያጣ ለሦስትና ለአራት ወራት ዛፍ ላይ ይኖራል፤ እዚያው ያድናል፣ እዚያው ግልገሎቹን ያሳድጋል። ውሃው ሲጎድል ደግሞ የደኑ ወለል ይገለጣል፤ በእግር መሄድ ይቻላል። ዓሣው በቀሩት ሐይቆች ውስጥ ስለሚጨናነቅ ሳቢሳዎችና ሌሎች ውሃ ወፎች በመንጋ ይሰፍራሉ፤ ካይማን የተባለው የአዞ ዘመድም በዳርቻው ተደርድሮ ይታያል። ችግሩ ቦዮቹ ደርቀው ጀልባ የሚገባበት ሊጠፋ መቻሉ ነው፤ በሙላት ጊዜ በአንድ ሰዓት የሚደረስበት ሐይቅ በጉድለት ጊዜ ጭራሽ ላይደረስበት ይችላል።

በቅርብ ዓመታት ይህ የውሃ ዘመን አቆጣጠር ራሱ እየተዛባ መጥቷል። በማናውስ ወደብ የሪዮ ኔግሮ ከፍታ ከእ.ኤ.አ. 1902 ጀምሮ ይመዘገባል። በእ.ኤ.አ. 2021 ሰኔ ላይ ውሃው 30 ሜትርን አልፎ በመዝገቡ ከፍተኛ የሆነው ሙላት ደረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በእ.ኤ.አ. 2023 ጥቅምት፣ ወደ 12.70 ሜትር ወርዶ እስከዚያ ድረስ ያልታየ ጉድለት ሆነ። በተከታዩ ዓመት ከዚያም አልፎ 12.11 ሜትር ደረሰ። በ2023ቱ ድርቅ በማሚራዋ አቅራቢያ ያለው የቴፌ ሐይቅ ውሃ ሙቀት ከ39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ወጣ፤ በሳምንታት ውስጥም ከ150 በላይ ዶልፊኖች ሞተው ተገኙ። ብዙ የወንዝ መንደሮች ጀልባ ሊደርስባቸው ባለመቻሉ ምግብና መድኃኒት ተቸገሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ለጉብኝት መሄድ ነዋሪው ለራሱ የሚያስፈልገውን ነዳጅና ጀልባ መሻማት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጉዞ በጉድለት ወራት ከታቀደ፣ የብራዚል የጂኦሎጂ አገልግሎት በየጊዜው የሚያወጣውን የወንዝ ከፍታ ዘገባ መከታተልና ሳይከስሩ ቀን ለመለወጥ የሚያስችል ውል መያዝ ያስፈልጋል።

የመንገዱ ጉዳይ በሦስት ደረጃ ይከፈላል። የመጀመሪያው ብራዚል መድረስ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ ወደ ሳኦ ፓውሎ ስለሚበር ከአዲስ አበባ የሚነሳ ተጓዥ አውሮፓን መዞር የለበትም። ሁለተኛው ከሳኦ ፓውሎ ወደ ማናውስ የሚወስደው አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ የአገር ውስጥ በረራ ነው፤ የማናውስ ሰዓት ከአዲስ አበባ በሰባት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ሦስተኛው ከማናውስ የማሚራዋ መግቢያ ወደ ሆነችው የቴፌ ከተማ የሚደረገው ጉዞ ነው። ቴፌ ከማናውስ በአየር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በረራዎቹ ግን ጥቂት ናቸው። በተሳፋሪ መርከብ ሽቅብ ሁለት ቀን ያህል ይፈጃል። በመርከቡ ላይ መኝታው ከጣሪያ ብረት የሚታሰር ተንጠልጣይ የጨርቅ አልጋ ሲሆን፣ እያንዳንዱ መንገደኛ የራሱን ይዞ ይመጣል። ከቴፌ ወደ ማሚራዋ የሚያስገባው ፈጣን ጀልባ ነው፤ ማረፊያው በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቤት ስለሆነ ውሃው ሲወጣ አብሮ ይወጣል፣ ሲወርድም አብሮ ይወርዳል።

በወንዝ አገር ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሞተር ሰዓት ነው። ሽቅብ የሚኬደውና ቁልቁል የሚወረደው ጊዜ ይለያያል። ውሃው የነቀለው ግንድ በተለይ በሌሊት ለጀልባ አደገኛ ነው፤ ድንገተኛ ዶፍና ነፋስም ሰፊውን ወንዝ እንደ ባሕር ያናውጠዋል። በዚህ ምክንያት በልምድ የሚመከረው በመሄጃም በመመለሻም ቢያንስ አንዳንድ ትርፍ ቀን መጨመር ነው። ከደኑ በወጡ ማግስት የአህጉር አቋራጭ በረራ መያዝ ሙሉውን ዕቅድ በአንድ የተሰበረ ሞተር ላይ ማንጠልጠል ነው።

ፈቃድን በሚመለከት፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከመነሳቱ አስቀድሞ የብራዚል ቪዛ ማውጣት ይኖርበታል። ማሚራዋ ራሱ በሕግ የሚተዳደር ጥብቅ ቦታ ስለሆነ ጎብኚ እንደፈለገ አይገባበትም፤ የሚገባው በተፈቀደው የጉብኝት መርሐ ግብር አማካይነት ነው። የአገሬው ነባር ሕዝቦች መሬት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ያለ ማኅበረሰቡ ስምምነትና ፉናይ ከተባለው የመንግሥት ተቋም ፈቃድ ውጭ ወደዚያ መግባት ክልክል ነው። በምዕራብ ጫፍ ያለው የዣቫሪ ሸለቆ ከውጭው ዓለም ጋር ግንኙነት የሌላቸው ሕዝቦች በብዛት የሚኖሩበት ስፍራ ነው። ለእነዚህ ሰዎች እንግዳ የሚያመጣው ተራ ጉንፋን እንኳ ሰውነታቸው ስለማያውቀው መንደር ሊጨርስ ይችላል። የብራዚል መንግሥት ከእ.ኤ.አ. 1987 ወዲህ እነሱን ፈልጎ መገናኘትን የተወው በዚሁ ምክንያት ነው። ያልተነካ ሕዝብ አሳያለሁ የሚል አስጎብኚ ካጋጠመ፣ እንዲህ ያለውን ጉዞ መሰረዝ ግዴታ ነው።

የጤና ዝግጅት ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት መጀመር አለበት። ቀዳሚው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። በሽታው በአማዞን ደን ውስጥ በዝንጀሮዎችና በደን ትንኞች መካከል ይዞራል፤ ሰው ወደ ደኑ ሲገባ ይያዛል። የዚህ በሽታ ጉዳት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ ከእ.ኤ.አ. 1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል በተነሳው ወረርሽኝ 30,000 የሚገመት ሰው አልቋል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መሰጠት አለበት። ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት አንድ ጊዜ የተሰጠ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ቢጫው የክትባት ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር መያያዝ ይገባዋል፤ ኢትዮጵያም ቢጫ ወባ ካለበት አገር የሚመጣን ሰው ስለምትጠይቅ በመመለሻ ላይ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡሮች፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑና የሰውነት መከላከያቸው የተዳከመ ሰዎች ከመከተባቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው።

ለወባ የሚሰጥ ክትባት ግን መንገደኛን አያገለግልም፤ መከላከያው አጎበር፣ እጅጌ ረጅም ልብስ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባትና ሐኪም የሚያዝዘው ቅድመ መከላከያ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ከጉዞው በፊት ተጀምሮ ከተመለሱም በኋላ ይቀጥላል። በወባማ ቆላ ያደገ ሰው የነበረው የመቋቋም አቅም በደጋ ኑሮ ዓመታት ስለሚጠፋ ‘እኔ ወባን ለምጄዋለሁ’ ማለት አያድንም። የወንዝ ውሃ ሳይፈላ ወይም ሳይታከም አይጠጣም። የሌሊት ወፍ ደም የሚጠጣበት አካባቢ ስለሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ከሐኪም ጋር ሊነሳ ይገባል። በአካባቢው አብዛኛውን የእባብ ንክሻ የሚያደርሰው ጃራራካ የተባለው እባብ ሲሆን የሚነድፈው በአብዛኛው እግርና ባት ላይ ነው። ስለዚህ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ ጫማ ከማንኛውም መድኃኒት በፊት ይቀድማል። የመርዝ ማርከሻው በብራዚል የመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ ቀዝቃዛ ቦታ ስለሚፈልግ ግን በየመንደሩ አይገኝም። ከማረፊያው እስከ ቅርቡ ሆስፒታል ስንት የጀልባ ሰዓት እንደሚወስድ አስቀድሞ መጠየቅ የዕቅዱ አካል ነው። ጥልቀት በሌለው አሸዋማ ውሃ ውስጥ ሲገባ እግርን ከማንሳት ይልቅ እየጎተቱ መራመድ በአሸዋው የተቀበረውን መርዛማ የስቲንግሬይ ዓሣ አስደንግጦ ያርቀዋል።

ጓዝ ጥቂትና ከእርጥበት የሚጠበቅ መሆን አለበት። ቶሎ የሚደርቅ ስስ ልብስ፣ የዝናብ ልብስ፣ ውሃ የማያስገባ ከረጢት፣ የግንባር ባትሪ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ፓወር ባንክ፣ በሽተኛ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ከነትርፋቸው፣ ለተቅማጥ የሚሆን ኦ አር ኤስ እና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ዋናዎቹ ናቸው። ወፍራም ጂንስ አንዴ ከራሰ ቀናት ሳይደርቅ ይቀራል። ከቴፌ ወደ ደኑ ከተነሱ በኋላ ባንክ ስለማይገኝ የብራዚል ገንዘብ የሆነው ሪያል በጥሬው፣ በትንንሽ ኖት መያዝ ይኖርበታል። የስልክ ኔትወርክ በደኑ ውስጥ ስለሚጠፋ ወደ ሩቅ ቦዮች የሚገባ ቡድን የሳተላይት መገናኛ ያስፈልገዋል። የጉዞ ኢንሹራንሱ በሽተኛን በጀልባና በአውሮፕላን ማውጣትን መሸፈኑ ከመፈረሙ በፊት መነበብ አለበት።

ጀልባና መሪ ሲመረጥ ዋጋ የመጨረሻው መመዘኛ ይሁን። የሚጠየቁት ጥያቄዎች ቀላል ናቸው፦ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚሆን ሕይወት አድን ሰደርያ አለ? ነዳጁ ለመመለሻ ይበቃል፣ ትርፍስ አለው? መለዋወጫ ሞተር ወይም መቅዘፊያ ተጭኗል? መሪው የተወለደው በዚያው ወንዝ ዳር ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ‘ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል’ የሚለው የአማርኛ አባባል በማሚራዋ ቃል በቃል እውነት ነው። ፊቱ ጸጥ ያለ ቦይ ከሥሩ ኃይለኛ ፍሰት አለው፤ በሙላት ጊዜ ደግሞ ሁሉም አቅጣጫ ዛፍና ውሃ ስለሚሆን ባዳ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ይጠፋዋል። የውሃውን ቀለም፣ የግንዱን ምልክትና የወፉን ድምፅ አንብቦ የሚመለስ የዚያ አገር ልጅ ነው።

ማሚራዋ ዛሬም ደን ሆኖ የሚገኘው በእነዚሁ ሰዎች ነው። ብራዚላዊው የዝንጀሮ ተመራማሪ ዦዜ ማርሲዮ አይረስ በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ዋካሪን ሲያጠና ቆይቶ አካባቢው እንዲጠበቅ ተከራከረ፤ በእ.ኤ.አ. 1990 ጥበቃ ተደረገለት። የመጀመሪያው የጥበቃ ዓይነት ግን ነዋሪን የሚያስወጣ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1996 ሕጉ ተለውጦ ነዋሪዎቹ በቦታቸው እንዲቆዩና የሀብቱ ጠባቂም ተጠቃሚም እንዲሆኑ ተደረገ፤ በብራዚል እንዲህ ያለ ጥብቅ ቦታ ሲቋቋም የመጀመሪያው ነው። ውጤቱ በፒራሩኩ ዓሣ ላይ ይታያል። ይህ እስከ 3 ሜትር የሚረዝም ዓሣ አየር ለመሳብ በየጊዜው ወደ ውሃው ፊት ስለሚወጣ፣ ልምድ ያላቸው አጥማጆች ብቅ ሲል እያዩ ይቆጥሩታል። ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ በዚህ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ከአዋቂዎቹ ዓሦች ከ30 በመቶ ያልበለጠው ብቻ እንዲጠመድ ይፈቀዳል። ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረው ዓሣ ቁጥሩ አገግሟል፤ መንደሮቹም ገቢ አግኝተውበታል።

የጎብኚው ሥነ ምግባርም ከዚህ ይመነጫል። ሰው ሳይጠየቅ ፎቶ አይነሳም። ለአውሬ ምግብ አይሰጥም፤ አውሬ አይነካም። ከአውሬ ቆዳ፣ ጥርስ ወይም ላባ የተሠራ ዕቃ አይገዛም፤ በዓለም አቀፍ ሕግም በአየር ማረፊያ ያስጠይቃል። ፕላስቲክ ይዞ የገባ ይዞት ይወጣል፤ መሬቱ በየዓመቱ ስለሚታጠብ የተጣለው ሁሉ መድረሻው ወንዙ ነው። ምግቡ ዓሣ፣ ሩዝ፣ ባቄላና ፋሪኛ የሚሉት የካሳቫ ዱቄት ነው፤ በወላይታና በጋሞ ካሳቫ የለመደ ኢትዮጵያዊ ጣዕሙ አዲስ አይሆንበትም። በመንደሩ የተሠራን ቅርጫት መግዛትና መንደሩን በድርሻው ተጠቃሚ የሚያደርግ ማረፊያ መምረጥ ከስጦታ ይልቅ ይጠቅማል፤ ደኑን ቆሞ ማቆየት ከመቁረጥ የተሻለ ኑሮ እንደሚሰጥ በተግባር ያሳያልና።

ጉዞው ከደኑ በመውጣት አያልቅም። በብራዚል አማዞን በብዛት ያለው ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት የተሰማው ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ሳይተወው በዚያው ቀን ደም መመርመር፣ ለሐኪሙም አማዞን ደርሶ መምጣቱን መናገር አለበት። በኢትዮጵያም ይኸው የወባ ዓይነት ስላለ ላቦራቶሪዎች ያውቁታል፤ ከጉበት የሚያጠፋው መድኃኒት ግን ለአንዳንድ ሰው ደም አደገኛ ስለሆነ ያለ ምርመራ አይወሰድም። የጉዞው ማስታወሻ ደብተር የመጨረሻ ገጹ ላይ ሊጻፍበት የሚገባው ይህ ነው፦ የገቡበት ቀን፣ የወጡበት ቀንና የተወሰደው መድኃኒት።